ብርጭቆ ዛሬም ጨመረች

ጥር 11

እታለም፣

«ለጤናሽ እንደምን ነሽ» ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሩን አስቀመጥኩት። ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬ በቀጥታ ወደ ጥያቄሽ ልግባ። በመጨረሻው ደብዳቤሽ «ዋጋና ገንዘብ አብረው ሲሄዱ ዝም በል፤ ሲለያዩ ግን የቱን ታምናለህ?» ብለሽኝ ነበር። መልሴ ዘግይቷል፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቤታችን ሰው በዝቶበት ነበር። የማጠናበት ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጦ ሰንብቷል። ለምን እንደመጡ አልጽፍልሽም።

ገንዘቡን አምናለሁ። ዋጋ አፍ ነው፣ ገንዘብ እግር ነው። ሰው መሄዱ የሚታወቀው እሄዳለሁ ሲል ሳይሆን እግሩን ሲያነሳ ነው። ይኼን ራሴ ነኝ ያሰብኩት፤ ካንቺ የተኮረጀ አይደለም።

የምትልኪልኝ የገበያ ወረቀት መምጣቱን ስላቆመ፣ ቁጥሮቹን አሁን የምገለብጠው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጎን ካለው የአክሲዮን ወኪል ነው። በየማለዳው የጋዜጣውን የገበያ ገጽ መስኮቱ ላይ ይለጥፋል። እንዳስተማርሽኝ የቀኑን ከፍተኛ፣ ዝቅተኛና የመዝጊያ ዋጋ ደምሬ ለሦስት አካፍላለሁ፤ የተገኘውን በዚያ ቀን በተሸጠው አክሲዮን ብዛት አባዛለሁ፤ የቀኑ ገንዘብ ይኼ ነው። አማካዩ ከትናንቱ ከበለጠ «ገባ» በሚለው ሥር፣ ካነሰ «ወጣ» በሚለው ሥር እጽፈዋለሁ። አሥራ አራት የገበያ ቀን ሲሞላ ከመቶው ስንቱ እንደገባ አያለሁ። የምከታተለው አንድ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያ ደመወዝሽ የገዛሻትን የብርጭቆ ፋብሪካዋን። ሌላውን ሳየው እንቅልፌ ይመጣል።

እማዬ ወደ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ተመልሳለች። አንሶላው እንደ ድሮው ይቆለላል፣ እሷም እንደ ድሮው ትተኩሳለች። «የተኳሽ ልጆች ነንና ተጠንቀቁን» እያልሽ የምትቀልጂውን አሁን የሚቀልድ የለም። ምግብ ስጠኝ አትልም፤ ስሰጣትም ሳህኑን ይዛ ትቆያለች እንጂ አትበላም።

ይህን የምልከው ወደ ቢሮሽ ነው። ሌላ አድራሻሽን አላውቀውም።

ወንድምሽ


ጥር 24

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የሰው ደብዳቤ መክፈት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ከቀብሯ ወዲህ የእህትህ የአክሲዮን ደንበኞች ወደ እኔ ስለተዛወሩ፣ በስሟ የሚመጣውን ሁሉ እንድከፍት ታዝዣለሁ። ከእሷ ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ የኔ ነው። ግራ ቀኙን ሦስት ጊዜ ሳላይ መንገድ ስለማልሻገር «ቆቁ» ብላ ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት፤ አሁን ጥበቃው ሳይቀር የሚጠራኝ በሱ ነው። አንተም በሱ ብትጠራኝ ቅር አይለኝም።

ከፖስታው ጀርባ በእርሳስ የጻፍከውን አይቼዋለሁ። አልተሠቃየችም። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም፤ የማላውቀውን ደግሞ አልጽፍልህም።

በስሟ ያሉት አክሲዮኖች ከእንግዲህ የእናትህ ናቸው። መሸጥ ከፈለገች እዚህ ድረስ በአካል መጥታ መፈረም ይኖርባታል። ቸኩሉ ማለቴ አይደለም።

እህትህ ካንተ የሚመጣውን ስሌት ከምሳ በኋላ ጮክ ብላ ታነብልን ነበር። «ዋጋ አፍ ነው፣ ገንዘብ እግር ነው» ያልከውን በዚያው ሰዓት እኔ አነበብኩላቸው። መጻፍህን አታቁም፤ እመልስልሃለሁ። እንደሷ ግን አያምርልኝም።

ቆቁ


የካቲት 9

ጋሼ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። እንዳሉኝ «ቆቁ» ብዬ ያልጠራሁዎት ታላቄን በቅጽል ስም መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ ነው። ከፖስታው ጀርባ የጻፍኩትን ሰው ያየዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ቢሆንም ስለመለሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

በሁለተኛው ደብዳቤዎ ስለ እማዬ ለጠየቁኝ፣ አክሲዮኖቹን አትሸጥም። ምክንያቷን ስነግርዎት እንዳይስቁብን አደራ።

ሬዲዮ ማታ ከዜናው በፊት የመዝጊያ ዋጋ ያነባል። ድሮ እማዬ ያኔ ድምፁን ትቀንሰው ነበር። አንድ ቀን አንባቢዋ «ብርጭቆ ጨመረች» ስትል እማዬ ቀና አለችና «ልጄ ዛሬ ጨመረች» አለች። ያን ቀን ሳህኗን ጨረሰች። በማግስቱ ቀነሰች፤ እማዬ ሳትበላ ተኛች። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነን። ዋጋው ባለበት ሲቆም «ዛሬ ዐርፋለች» ትላለች። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። አሁን እኔም ሬዲዮው ሲከፈት ወጡን ማሞቅ ለምጃለሁ።

ደግሞ እየጨመረች ነው፣ ጋሼ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳታቋርጥ። እማዬ ጉንጯ ተመልሷል። እኔም ዋጋውን ብቻ አላመንኩም፤ ገንዘቡን አሰላሁት። ከመቶው ሰባ ስምንቱ የገባ ነው። ዋጋና ገንዘብ አብረው እየሄዱ ነው ማለት ነው፤ እታለም እንዲህ ሲሆን ዝም በል ብላኛለች። ስሌቱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፣ ይዩልኝ። እማዬ ትክክል ከሆነች ልንገራት ብዬ ነው።

ወንድሟ


የካቲት 20

ወንድሜ፣

ስሌትህን ሁለት ጊዜ ሠራሁት። ትክክል ነው። ለእናትህ ግን ገና አትንገራት።

ፋብሪካውን አውቀዋለሁ። አዲስ ምድጃ አልተከለም፣ አዲስ ደንበኛ አላገኘም፣ ትርፉም ያው ያምናው ነው። እንዲህ ላለ ድርጅት ገንዘብ ዝም ብሎ አይጎርፍም። የኛ መለኪያ የወንዙን ሙላት ይነግርሃል እንጂ ዝናቡ የት እንደዘነበ አይነግርህም። እህትህ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት ወንበሯን ወደ እኔ አዙራ «ቆቁ፣ የገባው የማን ገንዘብ ነው?» ትለኝ ነበር።

የደንበኛን ስም ለውጭ ሰው መናገር ሥራዬ አይፈቅድልኝም፤ ሚስቴም አንድ ቃል አትሰማም። ጋዜጣው ላይ ያለውን ግን ለማንም ማሳየት እችላለሁ። የጻፍካቸውን ቁጥሮች እንደገና ተመልከት። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት የቀኑ ከፍተኛ ዋጋና የመዝጊያው ዋጋ በየቀኑ አንድ ናቸው። ይህ ማለት ብርጭቆ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ትውልና ገበያው ሊዘጋ ሲል አንድ ሰው መጥቶ በውድ ዋጋ ጥቂት ይገዛል ማለት ነው። በማግስቱም እንዲሁ። ትልቅ ገንዘብ እንዲህ አይገዛም፣ ወንድሜ። ትልቅ ገንዘብ ሲገባ ኮቴውን ያጠፋል። ይኼኛው ግን ማታ በሬዲዮ እንዲሰማ የሚፈልግ ገንዘብ ነው።

ማን እንዲሰማው እንደሚፈልግ አስብበት።

ቆቁ


መጋቢት 4

ጋሼ፣

አገኘሁት። ባላገኘው ይሻለኝ ነበር።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ከትምህርት ቤት ስወጣ ወኪሉ መስኮት አጠገብ ቆምኩ። ገበያው ሊዘጋ ሲል ሻምበል የሥራ ገዋናቸውን እንደለበሱ ከውስጥ ወጡ። ሻምበል የእማዬ አለቃ ናቸው። ወታደር ሆነው አያውቁም፤ ስድስት ልብስ ተኳሾችን ስለሚያዙ የወጣላቸው ስም ነው።

ምን ሊሠሩ መጡ አልኳቸው። ሳልፍ ነው አሉኝ። ከውስጥ ሲወጡ አይቻለሁ አልኳቸው።

«ነፍሱን ይማረውና አባትህም እንዲህ ነበር» አሉኝ፤ «ዐይኑ አያርፍም።»

ከዚያ መንገድ ዳር አስቀምጠው ነገሩኝ። እማዬ ሳትበላ ባደረች ቀን ካውያውን አንሶላ ላይ ረስታ ሦስቱን አቃጠለች፣ ቆይታም ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ የምትበላው እንደ ሬዲዮው ዋጋ መሆኑን ከራሷ ሰምተው ስለነበር ተሰብስበው መከሩ። ወኪሉን ሲጠይቁት ብርጭቆን የሚገዛም የሚሸጥም ብዙ ሰው የለም፣ ከሌላው ትንሽ ከፍ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው ዋጋዋን ያነሳታል አላቸው። እነሱም ወረፋ አወጡ። በየቀኑ ተራዋ የደረሰ አንዷ፣ ገበያው ሊዘጋ ሲል፣ ማታ ሬዲዮው ጨመረች እንዲል ጥቂት ትገዛለች። ተራዋን ለመሙላት የተበደረች አለች። ሻምበል ራሳቸው ለዐይናቸው ሕክምና ያስቀመጡትን ነክተዋል።

ይኼ እንዴት ይሆናል አልኳቸው።

«ምን አጠፋን?» አሉኝ። «ገንዘቡ አልጠፋ፣ እንዲያውም ጨምሯል። እናትህም በላች። አልቅሰን ልንመልስላት ያልቻልነውን ይኼ መለሰላት። ለእሷ ትንፍሽ ካልክ አንተን ነው የምተኩስህ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ጋሼ፣ እታለም የጠየቀችኝን ሁሉ እያሰብኩ መልሼላታለሁ። ይህን ግን ከየት ብዬ ልመልሰው። ብነግራት መብላቷን ታቆማለች። ባልነግራት ሴቶቹ ያላቸውን ጨርሰው ይገዛሉ። አንድ ቀን ሲያቆሙ ደግሞ ምን እንደሚሆን እኔም እርስዎም እናውቃለን። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ወንድሟ


መጋቢት 22

ጋሼ፣

አዎ፣ ነግሬያታለሁ። መልስዎ በደረሰኝ ቀን ነው የነገርኳት። «ለሚገዛ ሁሉ ሳይታክት የሚሸጥ አለ፤ ማን እንደሆነ አትጠይቀኝ» የሚለው ላይ ስደርስ፣ ሴቶቹ የሚገዙት ሌላው የሚጥለውን መሆኑ ገባኝና ከዚያ በኋላ መቆየት አልቻልኩም። እንዳሉኝ ስሌቱን ሳልይዝ ባዶ እጄን ነው የቀረብኳት።

ያን ምሽት በቤታችን የሆነውን ልተወው። እማዬ የሴቶቹን ስም አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከዚያ፦

«እንግዲያው ልጄን አይደለም የገዙት» አለች። «እኔን ነው።»

በማግስቱ ከሌላው ቀን ቀድማ ወደ ሥራ ሄደች። እዚያ ያለችውን የሰማሁት ከሻምበል ነው፤ ሊቆጡኝ መጥተው ሳይቆጡኝ ተመለሱ። መግዛቱ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፣ ያላችሁንም ቀስ እያላችሁ ሽጡ ብላቸዋለች። እነሱም አንቺስ ብለው ጠየቋት።

«እናንተ ቅደሙ» አለቻቸው። «እኔ ጉርሻ እንዲወርድልኝ ብላችሁ ገባችሁ። እኔ መጨረሻ እወጣለሁ።»

ሻምበል ተከራክረዋት ነበር። አንቺ ከሁላችን የበለጠ አለሽ፣ እኛ ሸጠን እስክንጨርስ ከቆየሽ በእጅሽ የሚቀረው ዋጋ የለውም፣ ደግሞ የልጅሽ ላብ ነው አሏት። እማዬም «የልጄ ላብ ስለሆነ ነው» ብላ ካውያዋን አነሳች። ሻምበል ይህን ሲነግሩኝ «አዛዡን አዘዘችው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ በዚያው በወረፋቸው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይሸጣሉ። ብርጭቆም በየቀኑ ትወርዳለች። ሬዲዮውን እንዝጋው ብላት እምቢ አለችኝ። አንባቢዋ «ቀነሰች» ስትል እማዬ ማንኪያዋን ታነሳለች። ሁለቴ ሦስቴ ትጎርሳለች፤ ትውጠዋለችም። ያኔ ሳህኔን ነው የማየው፤ እሷን አላይም።

ገንዘቡን ማስላቴን አልተውኩም። አሁን ከመቶው የገባው አሥራ አንድ ብቻ ነው። እታለም ከሃያ በታች የወረደ ነገር ብዙ ጊዜ ይመለሳል ብላ አስተምራኝ ነበርና ይህን ለእማዬ ነገርኳት፤ ትንሽ ብትታገሽ ብዬ።

«ይመለስ» አለች። «እኔ ግን መንገድ ላይ ቆሜ አልጠብቀውም። እኔ ይዤው ሬዲዮውን እየሰማሁ ካዩኝ እነዚያ ደጎች እንደገና ይገዛሉ።»

ስለዚህ የመጨረሻዋ ሴት ስትወጣ እናቴ ወደ እርስዎ ትመጣለች። ምን ይዛ መምጣት እንዳለባት ይጻፉልኝ።

ወንድሟ


ሚያዝያ 6

ወንድሜ፣

እናትህ መታወቂያዋንና የወራሽነት ወረቀቱን ይዛ ትምጣ፤ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም። ከአውቶቡስ ስትወርድ እኔ አለሁ። ረጅም ነኝ፣ ጠራራ ፀሐይ ቢሆንም ጃንጥላ ይዤ ነው የምቆመው፤ አትሳሳተኝም። ማደሪያዋ እኛ ቤት ነው፤ ሚስቴ አልጋውን ካነጠፈች ሰንብታለች።

ዋጋውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ላሳምረው አልችልም። ሴቶቹ ያስገቡትን ያህል ይዘው ለመውጣት ብዙም አልጎደላቸውም ብለሃልና፣ የጎደለው ሁሉ የእሷ መሆኑን አውቃ ትምጣ። አውቃለሁ ትልህ ይሆናል። ቢሆንም ንገራት።

አንድ ሌላ ነገርም አስቀድመህ ንገራት። የእህትህን ጠረጴዛ ሌላ ሰው ይዞታል፤ ልጅ ነው፣ ምንም አያውቅም፣ አይፈረድበትም። ወንበሯን ግን ማንም ሳያይ ወደ እኔ ጎትቼዋለሁ። እናትህ ተቀምጣ የምትፈርመው እሱ ላይ ነው።

ፈተና ስላለህ አትከተለኝ ማለቷ ልክ ነው። የእህትህን መቅረት እለምደው ይሆን ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ቀና ባልኩ ቁጥር እሷን ነው የምፈልገው።

ቆቁ


ሚያዝያ 17

ጋሼ፣

ወኪሉ ስልክ መደወልዎን ነገረኝ። እማዬ በሰላም መግባቷን፣ ከባለቤትዎም ጋር መላመዳቸውን ሰምቼ ተመስገን አልኩ። ስለ ፊርማው ግን ምንም አላሉትም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሲመቻት ራሷ ትነግረኛለች።

ብቻህን እንዴት አነጋህ ብለዋል።

በዚህ ቤት ብቻዬን አድሬ አላውቅም። ሁልጊዜ እማዬ ለሥራ ስትነሳ የምታንኳኳው ግድግዳ ነው የሚቀሰቅሰኝ። ዛሬ ቀድሜ ነቃሁ፤ ነቅቼም ግድግዳው እስኪንኳኳ ጠበቅሁ። የጎረቤት ውሃ ሲወርድ ሰማሁ፣ አውቶቡሶቹ ሞተር ሲያሞቁ ሰማሁ። ከዚያ ተነሳሁ።

ሸሚዜ አልተተኮሰም ነበር። የልብስ ተኳሽ ልጅ ሆኜ ካውያ በእጄ ይዤ እንደማላውቅ ያኔ ነው ያስተዋልኩት። እጅጌው ደህና ሆነልኝ። ኮሌታው ላይ ስደርስ ሌላ ሐሳብ ያዘኝና የካውያው አፍ ያህል ቡናማ ምልክት ቀረበት። ሌላ ሸሚዝ ስላልነበረኝ በላዩ ሹራብ ለበስኩ። ቆሜ ዳቦ በላሁ፤ ሳህኑን አጠብኩ፤ በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሞከርኩት።

መንገድ ላይ ሻምበልን አገኘኋቸው። ቆመው እየጠበቁኝ እንደነበር ያስታውቃል፤ እሳቸው ግን አሁን መድረሳቸው ነው አሉ። ወዲያው አንገቴን አዩ። ጣታቸውን ወደ ኮሌታው ሰደዱና «ይኼን ማን ሠራው?» አሉ። ኮሌታውን በእጄ ሸፈንኩት። «እናትህ ስትመለስ እኔ ነኝ ብዬ እነግራታለሁ፤ አንተ ብትሆን ታዝንብሃለች» አሉኝና ሹራቤን ወደ ላይ ሳቡልኝ።

ጥቂት እንደሄድን «ትናንት ማታ ሬዲዮው ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

አልከፈትኩትም አልኳቸው።

«እኔም» አሉ።

ወኪሉ መስኮት ጋ ስንደርስ ጋዜጣው ተለጥፎ ሁለት ሰዎች ያነቡት ነበር። ሻምበል በመስኮቱ በኩል ሆኑና እኔን ወደ መንገዱ አደረጉኝ፤ ቀስ ብለን አለፍን። እሳቸው ወደ ሆስፒታሉ ታጠፉ። እኔ ክፍል ስገባ የሹራቤን ቁልፍ እስከ አንገቴ ዘግቼ ተቀመጥኩ። በጣም ሞቆኝ ነበር፤ ግን አላወለቅሁትም።

ወንድሟ